ክትፎው «ለብ ለብ» ቢልስ?

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የሆኑ አንዲት አንባቢ ክትፎ አምሯቸዋል፤ «ለብ ለብ ካለ ምን ችግር አለው? ቡናስ?» ይላሉ።

መልስ፦ ለብ ለብ ማለት ቅቤው ሞቀ እንጂ ሥጋው በሰለ ማለት አይደለም። መሃሉ ቀይ በሆነ ሥጋ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በሕይወት ሊኖር ይችላል። እናትየው ምንም ሳይሰማት ወደ ፅንሱ አልፎ ዓይኑንና አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል። ሚጥሚጣ አይገድለውም፤ እሳት ነው የሚገድለው። አምሮቱ ከጸና ሥጋው መልኩ እስኪለወጥ በደንብ ይብሰል፤ የክትፎ ወዳጆች ፊታቸውን ቢያጨማድዱም።

ያልተፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ አይብም ሊስቴሪያና ብሩሴላ የተባሉ ባክቴሪያዎችን ሊያመጣ ይችላል።

ቡና አይከለከልም፤ ይመጠናል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል። አቦሉን ቀምሶ ቶናና በረካው ላይ «ይብቃኝ» ማለት ያዋጣል። ቡናም ሻይም አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያዳክሙ፣ ከምግብና ከአይረን እንክብሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። በአንጻሩ ምስር ወጡ ወይም ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ አይረኑን ያግዘዋል።

ጠላና ጠጅስ? እነሱ በጥቂቱም አይመከሩም።