የኮምፒዩተር መዝገብ አልከፈት ሲል፤ ስለ ዲስክ ጥገና አጭር ትምህርት

በጁባ ከተማ የጄኔሬተር ነዳጅ በድንገት ሲያልቅ የሚጠፋው መብራቱ ብቻ አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ይጻፍ የነበረው መዝገብም ከመካከሉ ተቋርጦ ይቀራል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ነፃነቷን ካገኘች በኋላ መሥሪያ ቤቶችና ነጋዴዎች ለብዙ ዓመታት በየግል ጄኔሬተራቸው ሲሠሩ ስለ ኖሩ፣ ይህ ጉዳት ለከተማው ሕዝብ እንግዳ አይደለም።

በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ያለው ሰው አስቀድሞ ይህን ይወቅ። ዲስኩ እንደ መሬት ነው፤ ኤል ቪ ኤም የተባለው ሥርዐት መሬቱን በአንድነት ሰብስቦ እንደገና ይሸነሽነዋል፤ ኤክስት ፎር ወይም ኤክስ ኤፍ ኤስ የሚባለው የፋይል ሥርዐት ደግሞ በሽንሻኑ ላይ የቆመ ቤት ነው። እንግዲህ በሩ አልከፈት ሲል መሬቱ ተንዶ፣ ወሰኑ ጠፍቶ ወይም ቤቱ ተናግቶ እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ይህን ሳይለዩ ለጥገና የሚቸኩሉ ሰዎች ከመብራቱ መጥፋት የባሰ ጥፋት ያደርሳሉ።

ምርመራው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። በዲሜሴጅ መልእክት ውስጥ የንባብ ስሕተት ከተደጋገመ ዲስኩ ራሱ ታሟልና፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ይዘቱን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቀድማል። ዲስኩ ደኅና ከሆነ ቪ ጂ ኤስ እና ኤል ቪ ኤስ የተባሉት ትእዛዞች ሽንሻኑን ያሳያሉ፤ ሽንሻኑ እየታየ ሥራ ካልጀመረ በቪ ጂ ቼንጅ ይነሣል። ቤቱን የሚመረምረው ኤፍ ኤስ ሲ ኬ ነው፤ ነገር ግን የፋይል ሥርዐቱ በአገልግሎት ላይ ሳለ ከቶ አይታዘዝም፤ መጀመሪያም ምንም ሳይለውጥ እንዲመለከት ብቻ ይደረጋል። ለኤክስ ኤፍ ኤስ የራሱ መጠገኛ አለው።

በአንድ መሥሪያ ቤት የተመለከትሁትን ልጨምር። ጸሐፊው ቦታ ለመቆጠብ ብሎ የፋይል ሥርዐቱን ሳያሳንስ ሽንሻኑን አሳነሰው፤ ይህም ቤቱ እንዳለ ቆሞ አጥሩን ወደ ሳሎን እንደ ማስገባት ነው። (ሲያሳንሱ ቤቱ፣ ሲያሰፉ አጥሩ ይቀድማል፤ ኤክስ ኤፍ ኤስን ግን ለማሳነስ ባያስቡ ይሻላል።) ደግነቱ ጸሐፊው ደንግጦ እጁን ሰበሰበና በተቆረጠው ቦታ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ኤል ቪ ኤም ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት የአሸናሸኑን መዝገብ ግልባጭ ያስቀምጣልና፣ በቪ ጂ ሲ ኤፍ ጂ ሪስቶር ወሰኑ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ የሦስት ወሩ የደመወዝ መዝገብም ሳይጎድል ተገኘ።