የጥር 12ቱ የእድር ውሳኔ ያስገድደናል?

እድራችን ጥር 12 ተሰብስቦ ወርሃዊ መዋጮውን እጥፍ አደረገ። አብዛኞቻችን የሚካኤልን ታቦት ልንሸኝ ወጥተን ነበር። ያልተገኘንበት ውሳኔ ያስገድደናል?
ከጎንደር፣ አራዳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አለመገኘት ብቻውን ከውሳኔ ነፃ አያወጣም። ወሳኙ የእድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ ነው፦ ጥሪው ከነአጀንዳው በወቅቱ ደርሷችኋል? ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል? ካልሆነ ውሳኔውን መቃወም ይችላሉ። ጎንደር ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ በበዓል ላይ እያለች ጉባኤ መጥራት በእኔ እምነት ተገቢ አልነበረም፤ ደንቡ ካልከለከለ ግን ቀኑ ብቻ ውሳኔውን አያፈርሰውም።

በቅድሚያ ቃለ ጉባኤውንና የተገኙትን አባላት ፊርማ ለማየት ይጠይቁ። ከዚያም ከሌሎች አባላት ጋር ተፈራርማችሁ ጉዳዩ በድጋሚ እንዲታይ ለሰብሳቢው በጽሑፍ አመልክቱ። እስከዚያው ነባሩን መዋጮ አያቋርጡ፤ ሐዘን ቢደርስ መብትዎ እንዳይነካ። ሽማግሌዎች ካልፈቱት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማኅበራትን ድንጋጌዎች የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ። ለጠበቃ መክፈል ለማይችሉ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።