አይጥን ከደሴት አጥፍቶ አዕዋፍን መመለስ፤ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሆን ትምህርት

መግቢያ

አይጥ ጎተራ ስትገባ የምታደርሰውን ጥፋት ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል። በመርከብ ጭነት ውስጥ ተደብቃ በደረሰችባቸው ደሴቶች ግን የወፍ ዘር እስከ ማጥፋት ደርሳለች። ብዙዎቹ የደሴት ወፎች በመሬት ላይ ወይም በጉድጓድ ይፈለፍላሉ፤ መብረር የማይችሉም አሉ። አይጥና ድመት በሌሉበት ስለኖሩ መሸሽን አያውቁም። ከዚህ በታች የሁለት ደሴቶችን ሥራ እናቀርባለን። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ካምቤል ደሴት (ኒውዚላንድ)

ስፋቷ 11,300 ሄክታር ያህል ነው። መብረር የማይችለው ዳክዬዋ ከዋናዋ ደሴት ጠፍቶ በአጠገቧ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። በ2001 አይጡ በሚራብበት የብርድ ወራት 120 ቶን ያህል መርዝ ያለበት መኖ በሄሊኮፕተር በመላዋ ደሴት ላይ ተረጨ። በ2003 ደሴቷ ከአይጥ መጽዳቷ ተረጋገጠ፤ በ2004ም ዳክዬው ወደ ቦታው ተመለሰ።

2. ማኳሪ ደሴት (አውስትራሊያ)

በ2000 ድመቶቹ ተወግደው አለቁ። ነገር ግን ድመት ትበላው የነበረው ጥንቸል በዛ፤ ለጥንቸሉ ማጥፊያ የተለቀቀው በሽታም ኃይሉ ደክሞ ነበር። ተዳፋቱ ተግጦ አፈሩ ተሸረሸረ። ስለዚህ ጥንቸል፣ አይጠ መጎጥና አይጥ በአንድነት እንዲጠፉ ተደረገ። የተረፉትን ጥንቸሎች አዳኞች በውሾች እየታገዙ ፈለጉ። ሥራው መሳካቱ በ2014 ታወቀ። የተመረዘ ሬሳ የበሉ የባሕር ወፎችም ስለሞቱ ሬሳውን እየለቀሙ ማንሳት ግድ ሆኗል።

3. ከዚህ የምንማረው

ሀ. አንዲት ጥንድ ከተረፈች ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ አንድም ቦታ መዘለል የለበትም።
ለ. መርዙ የሚሰጠው ተባዩ ሌላ ምግብ ባጣበት ጊዜ ነው።
ሐ. አንዱን እንስሳ ከማስወገድ በፊት እርሱ የሚበላው ምን እንደሚሆን ማሰብ ይገባል።
መ. አይጥ ተመልሳ እንዳትገባ ጭነት ሁሉ ይፈተሻል።

4. ለእኛ ሥራ

አገራችን ደሴት ስላይደለች አይጥን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም። አንዱ ገበሬ ጎተራውን ቢያጸዳ የጎረቤቱ አይጥ ትመጣበታለች። ስለዚህ የማኅበሩ አባላት ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው እንዲዘምቱ የልማት ሠራተኛው ቀኑን ከማኅበሩ ጋር ይወስን።

ማሳሰቢያ፦ የሞተች አይጥ በሜዳ አትጣል፤ በጥልቀት ትቀበር። ጉጉትና ጭልፊት የተመረዘች አይጥ በልተው ከሞቱ፣ አይጥን በነፃ የሚያጠፉልንን ረዳቶች በገዛ እጃችን ገደልን ማለት ነው።