በፊልም የምናየው ጠላፊና በስልክ የሚደውለው አጭበርባሪ

“የኮምፒውተር ጠላፊ” ሲባል በብዙ ወጣቶች አእምሮ የሚሣለው ምስል ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። በጨለማ ክፍል ብቻውን የተቀመጠ ወጣት፣ በጥቁር መስኮት ላይ እንደ ዝናብ የሚወርዱ አረንጓዴ ፊደላት፣ ያለማቋረጥ የሚመታ የቁልፍ ሰሌዳ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላም የተከፈተ የባንክ ካዝና ይታያል። ይህን ምስል የሰጠን ፊልም ነው። አዲስ አበባ የሚኖረውም ሆነ በቀወት ወረዳ በሸዋ ሮቢት ከተማ የሚማረው ተማሪ የሚያየው ፊልም አንድ በመሆኑ፣ ስለ ሳይበር ወንጀል ያላቸው ግምትም ተቀራራቢ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን እንመለከታለን። ልብ ወለዱ የሚያሳየው ጠለፋ ከሂሳብና ከፊዚክስ ሕግ ጋር ይስማማልን? እውነተኛው ወንጀል በአገራችን እንዴት ይፈጸማል? ልብ ወለድስ በእውነቱ ዓለም ላይ ምን አስከተለ? ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። አደጋውን በተሳሳተ መልክ የሚያውቅ ሰው፣ እውነተኛው አደጋ ሲመጣበት ሳይለየው ያልፋልና።

ልብ ወለዱ ከየት ተነሣ?

“ሳይበርስፔስ” የሚለውን ቃል ዊልያም ጊብሰን የተባለው ደራሲ በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ተጠቀመበት፤ በ1984 እ.ኤ.አ. “ኒውሮማንሰር” በተሰኘው ልብ ወለዱም አስፋፋው። የሚገርመው ደራሲው ያንን መጽሐፍ የጻፈው በኮምፒውተር ሳይሆን በእጅ በሚመታ የጽሕፈት መኪና ነበር።

በ1983 እ.ኤ.አ. ደግሞ “ዋርጌምስ” የተባለው የአሜሪካ ፊልም ወጣ። ታሪኩ የኮምፒውተር ጨዋታ ፍለጋ በስልክ መስመር የሚደውል አንድ ተማሪ ሳያውቅ ወደ ጦር ኃይሉ ኮምፒውተር ገብቶ ዓለምን ወደ ኑክሌር ጦርነት አፋፍ እንዳደረሰ የሚተርክ ነው። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ፊልሙን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አይተው፣ እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ሊደርስ ይችል እንደሆነ ጄኔራሎቻቸውን ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ ችግሩ ከተገመተው በላይ የከፋ መሆኑን የሚያመለክት ነበር። በመስከረም 1984 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ደኅንነት የሚመለከት መመሪያ ፈረሙ። እንግዲህ ልብ ወለድ ፖሊሲ እስከ መቀየር ደርሷል ማለት ነው።

በዚያ ፊልም ውስጥ ብዙ ተመልካች ሳያስተውለው የሚያልፍ አንድ ትዕይንት አለ። ተማሪው የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ያገኘው በሊቅነት ሳይሆን በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በወረቀት ተጽፎ ስላየው ነበር። ከፊልሙ ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው ክፍል ይህ ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

በፊልም ውስጥ የምስጢር ኮድ ሲሰበር አኃዞቹ አንድ በአንድ “ሲያዙ” እናያለን። መጀመሪያ 7 ይገኛል፣ ቀጥሎ 3፣ ቀጥሎ 9። ይህ ሊሆን ይችላልን? ባለ 8 አኃዝ ኮድ 100,000,000 አማራጮች አሉት። እያንዳንዱ አኃዝ ለብቻው ትክክል መሆኑ ቢነገረን ግን፣ ለአንዱ ቦታ ቢበዛ 10፣ ለስምንቱ ቦታ በጠቅላላው 80 ሙከራ ብቻ ይበቃን ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1,250,000 እጥፍ ነው። በአግባቡ የተሠራ ሥርዓት “ተሳስተሃል” ከማለት በቀር የትኛው አኃዝ እንደተሳሳተ አይናገርም። ስለሆነም የፊልሙ ትዕይንት በአብዛኛው ሐሰት ነው።

“በአብዛኛው” ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ፕሮግራም አኃዞቹን ከግራ ወደ ቀኝ እያነጻጸረ የመጀመሪያው ስሕተት ላይ የሚቆም ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ አኃዞች ትክክል ሲሆኑ መልስ ለመስጠት በጥቂቱ ይዘገያል። ያንን ጥቂት መዘግየት በትክክል የሚለካ ሰው አኃዞቹን በእርግጥ አንድ በአንድ ሊያገኝ ይችላል። ፖል ኮቸር የተባለው ተመራማሪ በ1996 እ.ኤ.አ. የስሌት ጊዜን ብቻ በመለካት የምስጠራ ቁልፎችን ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። የሥርዓት ንድፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከዚያ ወዲህ ለጊዜ ጭምር ይጠነቀቃሉ።

ዘመናዊውን ምስጠራ በጉልበት፣ ማለትም አማራጮችን ሁሉ በመሞከር፣ መስበርስ? ባለ 128 ቢት ቁልፍ 2 በ128 ርቢ፣ ማለትም 3.4 × 10³⁸ ያህል አማራጮች አሉት። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ሚሊዮን (10¹²) ቁልፍ የሚሞክር ማሽን ቢኖረን፣ ሁሉንም ለመጨረስ 3.4 × 10²⁶ ሰከንድ ያስፈልገዋል። የዩኒቨርስ ዕድሜ ግን 4.4 × 10¹⁷ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው።

ምናልባት “ማሽኑን እናፈጥነዋለን” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እዚህ ላይ ፊዚክስ ጣልቃ ይገባል። ሮልፍ ላንዳወር በ1961 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ አንድ ቢት መረጃ መደምሰስ ከተወሰነ መጠን ያላነሰ ኃይል ወደ ሙቀትነት ይለውጣል። መጠኑ የቦልዝማን ቋሚ ቁጥር፣ በኬልቪን የተለካው ሙቀትና የ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም (0.693) ሲባዙ የሚገኘው ነው። በ300 ኬልቪን ሙቀት ይህ 2.87 × 10⁻²¹ ጁል ይሆናል። ለአንድ ሙከራ አንድ ቢት ብቻ ቢደመሰስ እንኳ ለሁሉም ሙከራዎች 9.8 × 10¹⁷ ጁል ያስፈልጋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዓመት እንዲያመነጭ የታቀደው 15,760 ጊጋዋት ሰዓት ሲሆን፣ ይህም 5.7 × 10¹⁶ ጁል ነው። በመሆኑም ሌላ ምንም ብክነት የሌለበት ማሽን ቢሠራ እንኳ አንዲት ቁልፍ ለመስበር የሕዳሴው ግድብ የ17 ዓመት ምርት ይፈጃል። በሥራ ላይ ያሉት ማሽኖች ደግሞ ከዚህ ዝቅተኛ ወሰን እጅግ ብዙ እጥፍ የሚፈጁ ናቸው።

ወንጀለኛው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ ግድግዳውን ትቶ ቁልፉን ከያዘው ሰው ዘንድ ይሄዳል።

ቁልፉን ከባለቤቱ መጠየቅ

በየካቲት 1995 እ.ኤ.አ. የታሰረው አሜሪካዊው ጠላፊ ኬቪን ሚትኒክ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ዋና ነገር ማሽኑን ከማታለል ሰውን ማታለል ይቀላል የሚል ነበር። የአገራችንም ተሞክሮ ይህንኑ ያረጋግጣል። በቀወትና በአካባቢው የይፋት ቆላ ከሚሠራው ሥራ አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

አንድ የሽንኩርት አምራች ምርቱን ለነጋዴ ሸጦ ክፍያውን በስልክ ይቀበላል እንበል። በማግስቱ አንድ ሰው ደውሎ በአክብሮት ስሙን ይጠራና “አባቴ፣ ከድርጅቱ ነው የምደውለው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን በመልእክት የሚገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ” ይለዋል። በብዙ የገንዘብ ማስተላለፊያ አገልግሎቶች ስልክ ቁጥር ሲገባ የባለቤቱ ስም ስለሚታይ፣ ስም ማወቁ ምንም ተአምር የለበትም። ደዋዩ በዚያችው ቅጽበት በራሱ ስልክ ላይ የገበሬውን ቁጥር አስገብቶ “አዲስ ስልክ ነው” ብሏል። ሥርዓቱም የማረጋገጫ ቁጥሩን በትክክል ለባለቤቱ ልኳል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ምስጠራውም አልተሰበረም። ገበሬው ቁጥሩን ባነበበ ጊዜ ግን በሩን በገዛ እጁ ከፈተ።

ሁለተኛው ዘዴ ከዚህም ይቀላል። ገዢው ማሾ ወይም ሽንኩርት አስጭኖ ሲያበቃ “ገንዘቡን ልኬያለሁ” ብሎ በስልኩ ላይ የደረሰኝ ምስል ያሳያል። ምስሉ በፎቶ ማስተካከያ የተሠራ ነው። ሻጩ የራሱን ሒሳብ ሳያይ መኪናውን ከለቀቀ፣ ምርቱም ገንዘቡም ሄደ ማለት ነው። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው ብሂላችን ከማንኛውም የደኅንነት መጽሐፍ አያንስም።

እጅግ የተራቀቀው ጥቃትም ቢሆን በዚሁ በር ነው የሚገባው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ እንደገለጸው፣ በወቅቱ በውጭ አገር ሆኖ ያሠራጭ በነበረው የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የተሞከረው የስለላ ሶፍትዌር የጋዜጣ ጽሑፍ መስሎ በተላከ ፋይል ውስጥ የተደበቀ ነበር። ዘገባው ሶፍትዌሩ ሀኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሥራ መሆኑን ጠቁሟል። ይኸው ኩባንያ በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ራሱ ተጠልፎ 400 ጊጋባይት ያህል መረጃው ተበተነ።

ፍጥነቱስ? “ስዎርድፊሽ” በተባለው የ2001 እ.ኤ.አ. ፊልም ጠላፊው አንድን ሥርዓት በ60 ሰከንድ ውስጥ እንዲሰብር ይገደዳል። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ከባንግላዲሽ ማዕከላዊ ባንክ 81 ሚሊዮን ዶላር የሰረቁት ወንጀለኞች ግን ለሠራተኞች ሥራ ፈላጊ መስለው ኢሜይል መላክ የጀመሩት ከአንድ ዓመት በፊት ነበር። ሊወስዱ ያሰቡት አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ጥርጣሬ ከቀሰቀሱት ነገሮች አንዱ በማዘዣው ላይ የተገኘ የፊደል ግድፈት ነው።

በእርግጥ ሁሉም ጥቃት ለገንዘብ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከግብፅ የተነሡና ራሳቸውን “ሳይበር ሆረስ ግሩፕ” ከመሳሰሉ ስሞች ጋር ያስተዋወቁ ቡድኖች ከሕዳሴው ግድብ ሙሌት ጋር በተያያዘ የሞከሩትን ጥቃት ማክሸፉን አስታውቋል።

ጠላፊ ያልነበረበት ሌሊት

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ክስተት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሠራጨ፤ በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊትም ሰልፍ ሆነ። ወዲያው “ባንኩ ተጠለፈ” ተባለ። ፊልም ያስተማረን ግምት ያ ነበርና። ባንኩ ግን ክስተቱ ከሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበር ገለጸ። ያለ አግባብ የወጣውም ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑንና ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው መመለሱን ኋላ ላይ አስታወቀ። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አደረገ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማሳሰቢያ አወጡ።

ከዚህ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፣ ትልቅ ጉዳት ያለ አንዳች ክፉ ሊቅ፣ በአንድ የአሠራር ግድፈት ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛውና ክብደት ያለው ትምህርት ደግሞ በዚያ ሌሊት የተፈተነው የኮምፒውተር ችሎታ ሳይሆን ሥነ ምግባር መሆኑ ነው። የማሽን ስሕተት የሰውን ገንዘብ የእኛ አያደርገውም። እያንዳንዱ ዝውውርም ተመዝግቦ ስለሚቀር፣ በፊልም እንደሚታየው ዱካ ሳይተው የተሰወረ ሰው አልነበረም።

ሕጉና ወጣቱ

በፊልም ጠላፊው ብዙ ጊዜ ጀግና ነው። በሕግ ፊት ግን የማወቅ ጉጉት መከላከያ አይሆንም። በኅዳር 1988 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ፕሮግራም 6,000 ያህል ኮምፒውተሮችን አሽመደመደ። ወጣቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ ተብሎ የገደብ ቅጣትና የገንዘብ መቀጮ ተፈርዶበታል።

በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 706 እስከ 711 የኮምፒውተር ወንጀሎችን ደንግጎ ነበር። ከዚያም ጉዳዩን በዝርዝር የሚመለከተው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወጣ። አዋጁ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን፣ ማጭበርበርንና የማንነት ስርቆትን ለየብቻ ይደነግጋል። አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ያለ ፈቃድ መግባት ብቻውን፣ ምንም ሳይሰረቅና ሳይበላሽ፣ ወንጀል ነው። “ለመሞከር ያህል ነው” ማለት አያድንም።

ይህ ማለት ግን የዘርፉ ዕውቀት የተከለከለ ነው ማለት አይደለም። “ማትሪክስ ሪሎድድ” በተባለው የ2003 እ.ኤ.አ. ፊልም ውስጥ ትሪኒቲ የምትጠቀምበት “ኤንማፕ” የተባለው መሣሪያ እውነተኛ ነው፤ የምትገባበት ክፍተትም በ2001 እ.ኤ.አ. በእርግጥ የታወቀ ነበር። ይህንኑ መሣሪያ የመረብ ጠባቂዎች የራሳቸውን ሥርዓት ለመፈተሽ በየዕለቱ ይጠቀሙበታል። በወንጀለኛውና በባለሙያው መካከል ያለው ወሰን የባለቤቱ ፈቃድ ነው። በዘርፉ የተማረኩ ተማሪዎች ሂሳብን፣ ፕሮግራም መጻፍንና የመረብ አሠራርን አጥብቀው ቢይዙ፣ በራሳቸውም ኮምፒውተር ላይ ቢለማመዱ፣ አገሪቱ የምትፈልጋቸው ባለሙያዎች ይሆናሉ።

ለማጠቃለል ያህል፣ እረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ሦስት ነገሮችን ለወላጆቹ ቢያስረዳ ትልቅ አገልግሎት ነው። የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነበብም፤ “ከባንክ ነኝ” ላለም ቢሆን። ክፍያ መግባቱ የሚረጋገጠው ከገዢው ስልክ ሳይሆን ከራስ ሒሳብ ነው። ያጣደፈን ሰው ስልክ ዘግቶ፣ በራስ በሚታወቅ ቁጥር ለድርጅቱ መልሶ መደወል ይገባል።

መልመጃ

1. ባለ 6 አኃዝ የምስጢር ቁጥር ከ3 የተሳሳቱ ሙከራዎች በኋላ የሚቆለፍ ቢሆን፣ በግምት የመክፈት ዕድል ስንት ነው?

2. ከ33ቱ ሆሄያትና ከ7ቱ ቅርጾቻቸው በዕጣ የተመረጡ 6 ፊደላት ያሉት የይለፍ ቃል፣ በዕጣ ከተመረጡ 8 የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ጋር ሲነጻጸር የአማራጮቹ ብዛት ስንት እጥፍ ነው? (መልሱ 728 ገደማ መሆኑን አረጋግጡ።) ፊደላቱ በዕጣ ሳይሆኑ የራስ ስም ቢሆኑ ስሌቱ ለምን አይሠራም?

3. ያያችሁትን አንድ የጠለፋ ትዕይንት አስታውሱና ከላይ ከተመለከትናቸው ነጥቦች አንጻር እውነቱን ከሐሰቱ ለዩ።