ለሕዝቦች ሁሉ የተሰጠች ምንጭ



በቤልጅየም አገር፣ በአርደን ደን አጠገብ፣ ባኖ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ትገኛለች። በዚያች መንደር እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 15 እስከ ማርች 2 ቀን 1933 እመቤታችን ድንግል ማርያም ለ11 ዓመቷ ልጅ ለማርየት ቤኮ ስምንት ጊዜ ተገለጠችላት። ማርየት የድኻ ሠራተኛ ልጅ ነበረች፤ ትምህርተ ክርስቶስ መከታተሏንም አቋርጣ ነበር። ከመጀመሪያው መገለጥ በኋላ ግን ወደ ቅዳሴና ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

በሁለተኛው መገለጥ እመቤታችን ልጅቷን በመንገድ ዳር ወዳለች ምንጭ መርታ እጆቿን በውኃው እንድትነክር አዘዘቻት። በማግሥቱም ራሷን የድኾች ድንግል ብላ ጠራች፤ ምንጯም ለሕዝቦች ሁሉ፣ ሕሙማንንም ለማሳረፍ የተለየች መሆኗን ገለጠችላት። የሊየዥ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ኬርክሆፍስ በ1949 እ.ኤ.አ. መገለጡን አጸደቁ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1985 እ.ኤ.አ. ቦታውን ተሳለሙ።

እንግዲህ ወደ እንዲህ ያለ ምንጭ የሚነግድ ክርስቲያን ምን ያስተውል?

አንደኛ፤ የሚፈውሰው እግዚአብሔር እንጂ ውኃው አይደለም። ንዕማን በዮርዳኖስ 7 ጊዜ ተጠልቆ የነጻው ቃሉን በመታዘዙ ነው (2ነገ. 5)። በቤተ ሳይዳ 38 ዓመት የታመመው ሰው ግን ወደ መጠመቂያው ሳይገባ በጌታ ቃል ብቻ ተፈወሰ (ዮሐ. 5)።

ሁለተኛ፤ ጠበል መድኃኒትን አያስጥልም። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒታቸውን አቋርጠው ወደ ጠበል የሚሄዱ ወገኖች አሉ፤ በዚህም ሕይወታቸውን ለአደጋ ያጋልጣሉ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ስለዚህ በሽተኛውን «መድኃኒትህን ጣል» ማለት እምነት አይደለም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው።

ሦስተኛ፤ እመቤታችን ስለ ማሳረፍ መናገሯን ልብ እንበል። ከምንጩ ብዙዎች ሕመማቸውን ይዘው ይመለሳሉ፤ ሆኖም የልብ ሰላምና የሚደግፋቸው ወንድም አግኝተው ይመለሳሉ። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም በምሥጢረ ቀንዲል ይህንኑ ጸጋ በየቁምስናችን ታድላለች (ያዕ. 5፥14)።

ባኖ ለመድረስ አብዛኞቻችን አቅም የለንም። ነገር ግን በጎረቤታችን የተኛውን በሽተኛ መጠየቅ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲወስድ ማገዝ፣ ካህን መጥራት ሁላችንም እንችላለን። የድኾች ድንግል ትርዳን።

ለውይይት፦ በቁምስናችን ጠያቂ ያጣ በሽተኛ ማን ነው? በዚህ ሳምንት ማን ይሄድለታል?