ያገለገለ ራቭ ፎር ገዢ አስቀድሞ ከሥር ይመልከት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ቀድመው የገቡት ያገለገሉ መኪኖች ባለቤቶች በድርድር ጠንክረዋል። ገዢ ዋጋ ማውረድ ካልቻለ የሚቀረው ገንዘቡን የሚያፈስበትን ዕቃ መለየት ነው። ለዚህ ማሳያ በአዲስ አበባ ገበያ በብዛት የሚዞረውን ቶዮታ ራቭ ፎርን እንውሰድ።

ራቭ ፎር ሁሉ በአራት ጎማ አይጎትትም። ፋብሪካው በዚያው ቦዲ በፊት ጎማ ብቻ የሚጎትተውንም ሠርቷል። በኋላ በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስቲሽ ያለው ሁሉ ይለጥፈዋል። ጎንበስ ብሎ የኋላ ዲፈረንሻልና ከፊት ተነሥቶ እሱ ጋር የሚደርሰውን ዘንግ ማየት ያስፈልጋል። ዲፈረንሻሉ ኖሮ ዘንጉ ከሌለ፣ አንድ ሰው ከጥገና ወጪ ሸሽቶ አውልቆታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ጎማ ነው። ሻጭ “ሁለቱ አዲስ ናቸው” ሲል እንደ ምርቃት ይቆጠርለታል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከአዲሱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል። የፊትና የኋላው ፍጥነት ሲለያይ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ያለ ዕረፍት እየሠራ ይግላል፣ ይበላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በደረቅ አስፋልት መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ በዝግታ መዞር። መኪናው እንደ ታሰረ ፈረስ እየተንቀጠቀጠ ከዞረ ጥርጣሬው ከዚያ ክፍል ላይ ነው።

የሥሪት ዘመኑም ይጠየቅ። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩት አውቶማቲኮች የሞተር ኮምፒዩተራቸው እየተበላሸ ማርሽ ሲቀይሩ ይመታሉ። ቶዮታ በአሜሪካ የዚህን ዕቃ ዋስትና እስከ ማራዘም ደርሷል። ጉዳቱ ወደ ካምቢዮው ስለሚዛመት፣ መኪናው በደንብ እስኪሞቅ ሳይነዱ ዋጋ መቁረጥ አይገባም። ከ2006 እስከ 2008 ያሉት ባለ 2.4 ሊትር ሞተሮች ደግሞ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ስለዚህ ሻጩ ከመድረሱ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሣና ዘይት እንዳይሞላ ቀድሞ መንገር ይበጃል፤ የዘይት ልኩ ገዢው ባለበት ይውጣ።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙ አለማመን ነው፤ የፔዳሉ ጎማና የመሪው ልባስ የተሻለ ይመሰክራሉ። መካኒኩንም ገዢው ራሱ ይምረጥ፤ በደላላው በኩል የሚመጣው ድርሻውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ቀብድም ከፍተሻው በኋላ ይሁን።