መንገድ የሰጠ አልቀረም

ትልቅ ሰው የሚታወቀው በሚቀድመው ሰው ብዛት አይደለም፤ መቅደም እየቻለ ማሳለፍ ሲያውቅ ነው። ይህን ለመማር ደግሞ የጎጃምን መንገድ የሚያህል ትምህርት ቤት የለም።

እስቲ እናስላው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ጤፍ የጫነ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል። ከፊቱ በ30 የምታዘግም ባጃጅ ገጠመችው። መንገዱ ኩርባ ነው፤ ደርቦ ማለፍ አይቻልም። ሹፌሩ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ከኋላዋ ቢከተል የሚያጣው ስንት ነው? አንድ ደቂቃ ብቻ! ያቺን ደቂቃ አላጣም ብሎ ኩርባ ላይ የሚወጣ ግን የራሱንም የሰውንም ዕድሜ ያስይዛል። አባቶች «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ መንገድ ላይ ግን የፈሰሰ ሁሉ አይለቀምም።

በገበያ ቀን ቢቸና ወይም ሞጣ መግቢያ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ። ከባድ መኪናው ከነተሳቢው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ የፈረስ ጋሪው፣ የተጫነ አህያ የሚነዳው ገበሬ፣ ልጅ ያዘለችው እናት ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ ናቸው። ጋሪው ያመጣውን እህል መኪናው ይጭነዋል፤ መኪናው ያወረደውን ሸቀጥ ባጃጁ ሱቅ ያደርሰዋል። አንዱ የሌላው እንጀራ ነው። ታዲያ እንጀራችሁን የሚያመጣላችሁን ሰው ለምን በክላክስ ታባርሩታላችሁ?

መከባበር የሚጀምረው የሌላውን ችግር ከማወቅ ነው። በ60 የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ያን ያህል መንገድ አልፏል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ባለ ጋሪዎች፣ ይህን አስቡና በድንገት አትግቡበት። ሹፌሮችም አስቡ፤ ፈረስ ስፖኪዮ የለውም፣ አህያም የክላክስ ቋንቋ አታውቅም። አጠገቧ ስታስጮኹባት ደንግጣ የምትገባው መንገዱ መሃል ነው።

መተጋገዝን ለመማር ሩቅ መሄድ አያሻም። ሞጣ አካባቢ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ አስታውሱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከተሰበረ በኋላ መንገደኛ በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ በቆሙ ሰዎች ጉልበት እየተሳበ ይሻገር ነበር። ተሻጋሪው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ማዶ የሚስበው ሰው ከሌለ አይሻገርም። እንዲያ ሲሻገሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በ2001 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ አይቶ ልቡ ተነካ፤ ከዚያ ተነሥቶም ለገጠር ሰው የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት መሠረተ። በገመድ የመረዳዳት ምስል ከሞጣ ተነሥቶ የሌላ አገር ወንዞችን ጭምር አሻገረ ማለት ነው። ትንሽ ያላችሁት በጎነት የት እንደሚደርስ አታውቁም!

እንግዲህ ከወሬ ወደ ሥራ እንግባ።

የከባድ መኪና ሹፌሮች፦ ከፊታችሁ ካለው ጋር ቢያንስ የሦስት ሰከንድ ርቀት ጠብቁ፤ ጭነት ወይም ዝናብ ካለ ጨምሩበት። ከኋላችሁ ተሽከርካሪ ከተሰለፈ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኙ ጥጋችሁን ይዛችሁ አሳልፉ። 

ባለ ባጃጅና ባለ ጋሪዎች፦ ሰው ለማሳፈርም ለማውረድም ከአስፋልቱ ውጡ። ሲመሽ መብራት አብሩ፤ ጋሪ ከሆነ ከኋላው አንጸባራቂ ለጥፉ። የከባድ መኪናውን ስፖኪዮ ማየት ካልቻላችሁ ሹፌሩም እናንተን አያያችሁም።

ደርባችሁ የምታልፉ ሁሉ፦ የፊተኛው ሹፌር በፍሬቻ «እለፍ» ቢላችሁ አመስግኑት፤ ወሳኙ ግን የራሳችሁ ዓይን ይሁን።

እግረኞች፦ ግራችሁን ይዛችሁ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ ሂዱ።

ይህ ልማድ ከመሪው ከወረዳችሁ በኋላም አይለያችሁም። በመንገድ ላይ ራሱን የገዛ ሰው በቢሮ ወረፋ አይጋፋም፤ በቤቱም ቀስ ብሎ የሚማረውን ልጁን አያመናጭቅም።

ደግሞም ሹፌሮች ሆይ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። ጎናችሁ የተቀመጠው ረዳት እጃችሁንም አንደበታችሁንም እያየ ነው። ለባለ ጋሪው እጃችሁን አንሥታችሁ ሰላም ስትሉት እሱም ይማራል፤ ስትሳደቡም እንዲሁ። ነገ መሪውን የሚይዘው እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምትነዱት አንድ መኪና ቢሆንም የምታሠለጥኑት የሚቀጥለውን ሹፌር ነውና በርቱ፣ አሳምራችሁ ንዱ!